አሮጌው ብልሃትና ዐዲሱ ወሬ፤ ጋዜጦች ስለ ውሃ መሣሪያዎች የሚናገሩትን ስለ መመርመር

፩. መነሻ

ሰው በዐይኑ ያላየውን ነገር የሚያውቀው ከነገሩት ነው። እኛም ከኮሌጁ ግቢ ሳንወጣ በሞዛምቢክ ስለ ተተከለ የውሃ ፓምፕ ወይም በዶርዜ ስለ ቆመ የቀርከሃ ማማ ዐወቅን የምንለው ጋዜጠኛ አይቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ሳያይ፥ ስለ ነገረን ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ባለጸጋ፥ ፈቃድ የሚሰጠው ሹም፥ መሣሪያው ለመንደራቸው እንዲመጣ የሚለምኑት ሽማግሎችም ብዙ ጊዜ የሚወስኑት ከዚያው ወሬ ተነሥተው ነው። ስለዚህ መሣሪያውን መመርመር ተገቢ እንደ ሆነ ሁሉ ስለ መሣሪያው የተነገረውንም መመርመር ተገቢ ነው እንላለን።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጋዜጦች፥ ራዲዮና ቴሌቪዥን፥ ከእነርሱም ወዲህ ኢንተርኔት፥ «ተፈጥሮን ሳይጎዱ ለብዙ ዘመን ያገለግላሉ» ስለሚባሉት ዐዲስ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚናገሩ፥ ከእነርሱ በፊት ስለ ነበሩትና ዛሬም ስላሉት ብልሃቶች ደግሞ እንዴት ዝም እንደሚሉ ማሳየት ነው። ጉዳዩ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ አብዛኛውን ምሳሌያችንን ከውሃ መሣሪያዎች ወስደናል። ውሃን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ያለ ውሃ የሚኖር የለም። ሁለተኛ፥ ውሃ በሊትር ስለሚሰፈር የወሬውን እውነትነት ማንኛውም ተማሪ በእርሳስና በወረቀት ሊፈትነው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳባችንን በሰዋስው ቋንቋ እንገልጠዋለን። በጋዜጣ ገጽ ላይ ዐዲስ መሣሪያ የሚነገረው በትንቢት ነው፤ «ያጠጣል፥ ይለውጣል፥ ያድናል» ይባልለታል። አሮጌው ብልሃት ደግሞ የሚነገረው በኀላፊ ጊዜ ነው፤ «አባቶቻችን ይሠሩት ነበር» ይባልና ይታለፋል። በሁለቱ መካከል ያለው የአሁን ጊዜ፥ ማለት «ዛሬ ጧት ስንት ሰው ከዚህ ነገር ውሃ ቀዳ?» የሚለው ጥያቄ፥ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ይህ የአነጋገር ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ መምህራን እንተወው ነበር። ነገር ግን ከዚህ በታች እንደምናየው ብዙ ገንዘብና የብዙ ሴቶች ድካም የተያያዘበት ነገር ነው።

፪. በጨዋታ የሚቀዳ ውሃ

በደቡብ አፍሪካ «ፕሌይ ፓምፕ» የሚባል መሣሪያ ተሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው። በልጆች መጫወቻ ስፍራ የሚገኘው ዐይነት ክብ መሽከርከሪያ በጥልቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ይተከላል። ልጆች እየገፉ ሲያሽከረክሩት ከሥር ያለው ፓምፕ ውሃውን ስቦ በከፍታ ላይ ወደ ተሰቀለ ታንክ ያወጣዋል። ታንኩ በአራት ወገን ማስታወቂያ ይለጠፍበታል፤ ከማስታወቂያው የሚገኘው ገንዘብ ለመሣሪያው ጥገና ይውላል ተባለ። ልጆች ይጫወታሉ፤ እናቶች ያርፋሉ፤ ነዳጅ አይቃጠልም። ለጋዜጠኛ ከዚህ የበለጠ ምን ደስ የሚያሰኝ ወሬ ይገኛል?

መሣሪያው በ2000 ከዓለም ባንክ ሽልማት አገኘ። በ2005 «ፍሮንትላይን» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚስቁ ልጆችንና የሚፈሰውን ውሃ ለተመልካች አሳየ። በ2006 መስከረም በኒው ዮርክ በተደረገው የክሊንተን ጉባኤ ላይ 16.4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ ተነገረ፤ እስከ 2010 ድረስም በ10 የአፍሪካ አገሮች 4,000 ፓምፖች እንዲተከሉ ታቀደ። ከወሬ ወደ ገንዘብ የተደረገው ጉዞ እጅግ አጭር ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። መሣሪያው በጥሩ ፍጥነት ሲሽከረከር በሰዓት እስከ 1,400 ሊትር ያወጣል ይባል ነበር። አንዱ ፓምፕ ለ2,500 ሰው ይበቃል ተብሎም ተነግሮ ነበር። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልገዋል ብንል ለ2,500 ሰው 37,500 ሊትር ያሻል። ይህንን ለ1,400 ስናካፍለው ወደ 27 ሰዓት ይሆናል። ቀኑ ግን 24 ሰዓት ብቻ ነው። ልጆቹ በየቀኑ 2 ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት ቢጫወቱ እንኳ የሚወጣው 2,800 ሊትር ነው፤ ይህም የሚበቃው ለ186 ሰው ነው።

ይህን ስሌት የእንግሊዙ «ጋርዲያን» ጋዜጣ በ2009 አትሞታል። ለዚህ ስሌት የአራተኛ ክፍል ማካፈል ይበቃል፤ ቍጥሮቹም በመሣሪያው መግለጫ ላይ ተጽፈው ነበር። እንግዲህ ስሌቱ በ2005 ወይም በ2006 ስለምን አልተደረገም? መልሱ ይመስለናል፥ በሥዕሉ ላይ የሚታየው የልጆቹ ሣቅ ሒሳብን የሚከለክል ስለ ሆነ ነው። በሚስቅ ልጅ ፊት እርሳስ ማውጣት ነውር ይመስላል።

የሆነው ሁሉ በኋላ ተገለጠ። ያው «ፍሮንትላይን» በ2010 ያንኑ ዘጋቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ ምድር መልሶ ላከ። በሞዛምቢክ የተገኘው ነገር ከመጀመሪያው ሥዕል የተለየ ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት በሚውሉበት ወይም መጫወት በማይፈልጉበት ሰዓት መሽከርከሪያውን የሚገፉት ሴቶች ነበሩ። ከባድና ለትልቅ ሰው የማይመች ሥራ ሆነባቸው። የተሰበሩት ፓምፖች ጠጋኝ አጥተው ለብዙ ወራት ቆመው ተገኙ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በአንዳንድ ስፍራ ዐዲሱን ለመትከል ሲባል በዚያው ጉድጓድ ላይ የነበረው የእጅ ፓምፕ ተነቅሎ መገኘቱ ነው። አንዱ ፕሌይ ፓምፕ ወደ 14,000 ዶላር ያወጣል፤ በዚህ ገንዘብ ብዙ የእጅ ፓምፖች ይተከሉ ነበር። ዋናዎቹ ገንዘብ ሰጪዎችም በዚያው ዓመት እቅዱ እንዳልተሳካ ለሕዝብ ተናገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እናመስግን። ያ ዘጋቢ መመለሱ ትልቅ ሥራ ነው። ያመሰገኑትን ነገር ከአምስት ዓመት በኋላ ሄዶ ማየትና ያዩትን አለማለዘብ ከጋዜጠኞች ዘንድ ዘወትር የሚገኝ ጠባይ አይደለም። ሒሳችን በጋዜጠኝነት ላይ ሳይሆን መመለስን በማያውቅ ጋዜጠኝነት ላይ ነው።

፫. ማማውና ጎጆው

ሁለተኛው ምሳሌ ከአገራችን ነው። ጣሊያናዊው አርቲቴክት አርቱሮ ቪቶሪ «ዋርካ ውሃ» ብሎ የሰየመውን የቀርከሃ ማማ በ2012 በቬኒስ የሥነ ሕንፃ ትርኢት ላይ አቀረበ። ስሙን የወሰደው ሕዝብ ከጥላው ሥር ተቀምጦ ከሚመክርበት ከዋርካ ዛፍ ነው። ማማው ወደ 10 ሜትር ይረዝማል፤ በውስጡ መረብ ተዘርግቶበታል። ጤዛ፥ ጉምና ዝናም በመረቡ ላይ እየተጠራቀመ ወደ ታች ይንጠባጠባል። በቀን እስከ 100 ሊትር እንዲሰበስብ ታስቧል። የመጀመሪያው የሙከራ ማማ በዶርዜ የቆመው በ2015 ነበር።

የውጭ አገር መጽሔቶች ግን በ2014፥ ማለት ማማው በኢትዮጵያ ምድር ሳይቆም፥ «ከአየር ውሃ የሚያወጣ ማማ» እያሉ ስለ እርሱ ጽፈው ነበር። ማማው ሳይቆም ወሬው ቆመ ማለት ነው። በዚህ አጻጻፍ ሦስት ነገሮች ተሸፈኑ።

መጀመሪያ፥ ቍጥሩ ለአንባቢ አልተተረጐመም። 100 ሊትር ሲባል ብዙ ይመስላል። ለአንድ ሰው 15 ሊትር ብለን ስናካፍለው ግን ለ7 ሰው እንኳ አይሞላም። አንድ ማማ፥ ያውም በተሳካለት ቀን፥ የሚያጠጣው አንድ ቤተ ሰብን ነው። «መንደርን የሚያጠጣ» እና «ቤተ ሰብን የሚያጠጣ» የሚሉት ቃላት በጋዜጣ ገጽ ላይ ቢቀራረቡም በመንደሩ ውስጥ ግን በጣም የተራራቁ ናቸው።

ሁለተኛ፥ ከጎን ያለው አሮጌ ብልሃት አልተነጻጸረም። በ1 ሜትር ካሬ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናም ቢዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። በዓመት 1,000 ሚሊሜትር ዝናም በሚያገኝ ደጋ 50 ሜትር ካሬ የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 50,000 ሊትር ይቀበላል። ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛው ቢባክን 40,000 ሊትር ይቀራል፤ ለ365 ቀን ሲከፈል በቀን ወደ 110 ሊትር ነው። እንግዲህ አንድ አነስተኛ ጣራ፥ አንድ አሸንዳና አንድ ታንክ ከማማው የማያንስ ውሃ ይሰጣሉ ማለት ነው። እርግጥ ዝናሙ በክረምት ስለሚበዛና በበጋ ስለሚጠፋ ታንኩ ትልቅ መሆን አለበት፤ ታንክም ገንዘብ ይፈልጋል። ማማውም ቢሆን ከዝናም የሚሰበስበውን የሚያኖርበት ዕቃ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ስለ አሸንዳ በዓለም መጽሔት ላይ ማን ይጽፋል?

ሦስተኛ፥ የዶርዜ ሰዎች ራሳቸው ተረሱ። ማማው የቆመበት አገር ሰዎች ቀርከሃ በመሥራት በዓለም የታወቁ ናቸው። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ሸምነው የሚያቆሙት ጎጆ በቁመቱ ያስደንቃል። ምስጥ የግድግዳውን እግር በበላው ቍጥር ቤቱ እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይፈርስም፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። በስፍራው ከሚበቅል ነገር የተሠራ፥ የሚጠገን፥ ተነሥቶ የሚተከል ቤት! «ዘላቂ ፈጠራ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ይህንን ካልሆነ ምንን ነው? አርቲቴክቱ ራሱ ከአገሩ የሽመና ጥበብ እንደ ተማረ አልሸሸገም። ጋዜጦቹ ግን ማማውን በፈጠራ ዐምድ፥ ጎጆውን በቱሪስት ዐምድ አኖሩት። ያው ቀርከሃና ያው እጅ በአንደኛው ገጽ ጥበብ፥ በሌላው ገጽ «ባህል» ተባለ።

፬. ስለ አሮጌው የሚደረግ ዝምታ

አሮጌው ብልሃት በጋዜጣ ላይ ፈጽሞ አይወጣም አንልም። ይወጣል፤ ነገር ግን እንደ ሙዚየም ዕቃ ነው። የኮንሶን እርከን እንውሰድ። ከ400 ዓመት በላይ፥ 21 ትውልድ ያህል፥ ሲሠራና ሲጠገን የኖረ የድንጋይ ካብ ነው። በአንዳንድ ስፍራ ካቡ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አፈር እንዳይሸረሸር ይከለክላል፤ የዝናሙን ውሃ ያዘገያል፤ ገደል የነበረውን እርሻ ያደርጋል። ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ብዙ ተጻፈ። የተጻፈው ግን አብዛኛውን ስለ ጥንታዊነቱና ስለ ውበቱ ነበር። ካቡ በጐርፍ ሲናድ ማን ይጠራል? ወጣቶች ወደ ከተማ ሲሄዱ ድንጋዩን ማን ይክባል? እነዚህ የአሁን ጊዜ ጥያቄዎች ናቸው፤ የእርሻ ዐምድ እንጂ የጉብኝት ዐምድ አይመልሳቸውም።

«አፍሪዴቭ» የሚባለውም የእጅ ፓምፕ እንዲሁ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በማላዊና በኬንያ የተዘጋጀ ሲሆን ዋና ዓላማው የመንደሩ ሰዎች የሚያልቀውን ክፍል በቀላል መሣሪያ ራሳቸው እንዲለውጡት ነበር። በአገራችንም በብዙ ስፍራ ተተክሎ ይገኛል። ብዙ ሰው ያጠጣል፤ ሥዕሉ ግን በጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ አይታይም። ስለሚሠራ ወሬ አይሆንም፤ ሲሰበርም በሩቅ መንደር ስለ ሆነ ወሬ አይሆንም።

ከውሃ ወጥተን አንድ ምሳሌ ከማዕድ ቤት እንጨምር። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡ እውነት ነው፤ ለማገዶው ግን አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የተዘጋጀው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በሙከራ ሲለካ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ምጣዱን አልለወጠም፤ እንጀራውን አልለወጠም፤ እሳቱን ብቻ ከለለው። በየከተማው ትንንሽ ሠራተኞች ከሲሚንቶ እያበጁ ሸጠውታል። ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ስለ ሆነ ዐዲስ አይባልም፤ የጥንት ስላልሆነም ቅርስ አይባልም። ስለዚህ ለጋዜጣ የሚሆን ስም አጣ። ብዙ ጠቃሚ ነገር የሚገኘው ግን በዚህ ስም በሌለው ስፍራ ነው።

እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ዴቪድ ኤጀርተን በ2006 ባወጣው መጽሐፍ የመሣሪያ ታሪክ በተፈጠረበት ቀን ሳይሆን ሰዎች በተገለገሉበት ዘመን ሊቈጠር ይገባል የሚል ክርክር አቅርቧል። ይህ ለታሪክ ሰዎች የተሰጠ ምክር ለጋዜጠኞችም ይሠራል ብለን እናምናለን።

፭. ሊቀርቡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

አንደኛው መቃወሚያ «ጋዜጣ የሚጽፈው ዐዲስ ነገር ነው፤ አሮጌ ነገር ወሬ አይሆንም» የሚል ነው። እኛ ግን ዐዲስ የሚሆነው ዕቃው ብቻ አይደለም እንላለን። ትናንት የተጠገነ አሮጌ ፓምፕ የትናንት ወሬ ነው። ባለፈው ክረምት የተናደ ካብ የዚህ ዓመት ወሬ ነው።

ሁለተኛው «ወጣት ፈጣሪዎችን በጥያቄ ብታስጨንቁ ተስፋ ይቆርጣሉ» የሚል ነው። ይህ ከቅን ልብ የመጣ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ዐዲስ መሣሪያ የሠራ ወጣት በቴሌቪዥን አንድ ቀን ተመስግኖ ከዚያ በኋላ ማንም ካልጠየቀው በእውነት የተጎዳው እርሱ ነው። «ስንት ሊትር?» ብሎ የጠየቀው ሰው ሥራውን እንዲያሻሽል ረድቶታል፤ «ድንቅ ነው!» ብሎ የሄደው ግን ፎቶግራፉን ብቻ ወስዶበታል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ የከበደ ነው፤ «ነገራችሁ አሮጌውን ሁሉ ማመስገን ይሆናል» የሚል ነው። እንዲህ አንልም። ሦስት ጉልቻ አሮጌ ነው፤ ጢሱ ግን የእናቶችን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል። ያልተከለለ ምንጭ አሮጌ ነው፤ ከብትና ሰው አብረው ሲጠጡበት ግን በሽታ ያመጣል። እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት በፖስታ ካርድ ላይ ውብ ትመስላለች፤ ለጀርባዋ ግን ውበት አይደለም። አሮጌውን ያለ ጥያቄ የሚያወድስ ሰው ዐዲሱን ያለ ጥያቄ ከሚያወድሰው አይሻልም። ሁለቱም በአሁኑ ጊዜ ያለውን ሰው አላዩትም። እኛ የምንጠይቀው ሁለቱ በአንድ ሚዛን እንዲመዘኑ ነው።

፮. መደምደሚያ

አባቶች «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ከዚህ ምርመራ ተነሥተን ስለ ማንኛውም ዐዲስ መሣሪያ የሚጽፍ ሰው አራት ጥያቄዎችን እንዲመልስ እናሳስባለን። አንደኛ፥ ስንት ሊትር (ወይም ስንት ኩንታል፥ ስንት ሸክም ማገዶ) ለስንት ሰው? ሁለተኛ፥ ሲሰበር የሚጠግነው ማን ነው፥ መለዋወጫውስ ከየት ይገኛል? ሦስተኛ፥ ከዚህ በፊት በስፍራው ምን ነበረ፥ አሁንስ የት ደረሰ? አራተኛ፥ ጋዜጣው ተመልሶ የሚያየው መቼ ነው? ፕሌይ ፓምፕ በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ 4,000 ፓምፕ ለመትከል ቃል አይገባም ነበር። በሦስተኛው ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ደኅናው የእጅ ፓምፕ ከጉድጓዱ ላይ አይነቀልም ነበር።

ለጋዜጠኞች ብቻ ተናግረን ዝም ማለት ግን አይገባም። ከመካከላችን ብዙዎቹ በክረምት ዕረፍት ወደየአውራጃቸው ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ስለ አገሩ የተጻፈ አንድ የመሣሪያ ወሬ ቈርጦ ቢይዝ፥ ወደ ስፍራው ቢሄድ፥ መሣሪያው ቆሞ እንደ ሆነ ወይም ወድቆ እንደ ሆነ፥ በቀን ስንት እንስራ ወይም ስንት ጀሪካን እንደሚቀዳበት፥ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፥ ከጎኑም የትኛው አሮጌ ምንጭ ገና እንደሚያገለግል በአንድ ገጽ ጽፎ ቢመለስ፥ ይህ መጽሔት በሚቀጥለው ዓመት የሚያትመው ነገር አያጣም። ለዚህ ሥራ ታላቅ በጀት አያስፈልግም። ውሃ ለመቅዳት ከሚመጡት ሴቶች ጋር አንድ ጧት ቆሞ መቍጠር ይበቃል።